የድንጋዩን እኔ እችላለሁ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ የሰጠኝ አንድ ጣሳ ብርቱካናማ ቀለም፣ አንድ እቅፍ ትንንሽ ባንዲራ እና መሬት ውስጥ የተቀበረ ሽቦ የሚያዳምጥ እንደ ዱላ ያለ መሣሪያ ነበር። ቦታው አሜሪካ ውስጥ ዩለስ የምትባል ከተማ ነው፣ ከሀይዌዩ ዳር ያለው ሣር ላይ። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነውና አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው በላያችን ስለሚያልፉ አለቃዬ ትምህርቱን የሚሰጠኝ በየመሀሉ እያቋረጠ ነው። «ቀይ ኤሌክትሪክ፣ ቢጫ ጋዝ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኢንተርኔት» አለኝና እንዳልረሳው ደጋገመልኝ። እስከ ምሳ ድረስ ሣሩን ብርቱካናማ አደረግኩት። አዲሱን ጫማዬንም ጭምር።

ከሰዓት በኋላ ቆም ብዬ የሠራሁትን ሳየው ገረመኝ። ብርቱካናማዎቹ መስመሮች እየተጋፉ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

«እነዚህ ሁሉ የኢንተርኔት ናቸው?» አልኩት።

«ሁሉም።»

«ታዲያ ለምን አንድ ላይ አልቆፈሩም?»

ሰውዬው ሳቀ። «እሱን የምትጠይቃቸው ቀን እኔንም ጥራኝ» አለኝ።

ያ የመጀመሪያው ሥራዬ ሎኬተር ይባላል። ማንም ሰው ከመቆፈሩ በፊት መሬት ውስጥ ያለውን ፈልጎ ቀለም መቀባት ነው። ቀጥሎ የቁፋሮ ኢንስፔክተር ሆንኩ። የቦዩን ጥልቀት እለካለሁ፣ ቱቦው በአሸዋ መሸፈኑን አያለሁ፣ የማስጠንቀቂያው ፕላስቲክ ከላዩ ሳይነጠፍ አፈር ሊመልሱ ሲሉ እጮሃለሁ። ጩኸት ላይ ጎበዝ ነበርኩ። በመጨረሻ የዩቲሊቲ አስተባባሪ አደረጉኝና ባለፈው ዓመት ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያው ሠራሁ።

አስተባባሪ ምን ይሠራል ለምትሉኝ እንዲህ ነው። ሰው ሀይዌይ ሲባል የሚያየው አስፋልቱን ነው። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ እስከ አጥሩ ድረስ ያለው መሬትም ግን የሕዝብ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ራይት ኦፍ ዌይ እንለዋለን። የኢንተርኔት ድርጅቶች ቱቧቸውን እዚያ ላይ መቅበር ይወዳሉ፤ ቀጥ ያለ ነው፣ የሰው ጓሮ የለበትም። ሁሉም በየተራ እየመጣ ከቆፈረ ግን መንገዱ ዓመቱን ሙሉ ይዘጋል፣ ሣሩም እንደተጠገነ ልብስ ይሆናል። ስለዚህ እኔ በሠራሁባቸው ፕሮጀክቶች ደንቡ አንድ ነበር። አንድ ድርጅት ልቆፍር ብሎ ሲጠይቅ ለሌሎቹም ይነገራል። የሚፈልግ ይመጣል፣ አንድ የጋራ ቦይ ይቆፈራል፣ ከዚያ መሬቱ ለዓመታት አይነካም። ወጪው እንደ ቱቦው ብዛት ነው። ብዙ ቱቦ ያስገባ ብዙ ይከፍላል፣ ጥቂት ያስገባ ጥቂት።

ወረቀት ላይ ሲታይ ልጅም ይገባዋል። ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ ግን ሁሉም ድሃ ይሆናል። በየቢልቦርዱ ከተማውን በሙሉ አገናኛለሁ የሚለው ድርጅት ለስብሰባ ትሬይለር ቢሯችን ውስጥ ሲገባ የአንዲት ቀጭን ቱቦ ባለቤት ነው። «እኛ እኮ ጥግ ላይ ነው የምንቀመጠው» ይላሉ፣ ታክሲ ውስጥ እንደሚጠጋጋ ሰው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ማን ከታች ይቀበር የሚል ክርክር መጣ። ከታች ያለ ቱቦ ቢሰበር ለመጠገን ይከብዳል፤ ስለዚህ ሁሉም ከላይ መሆን ይፈልጋል። ክርክሩ ከሳምንት ሳምንት ሲዞር ቆይቶ ሰለቸኝና «ቦዩን እናስፋው፣ ሁላችሁም ጎን ለጎን ትተኛላችሁ፣ የማስፊያውን ትካፈላላችሁ» አልኩ። ማስፊያ የሚለውን ሲሰሙ ከታች መሆን ያን ያህል መጥፎ እንዳልሆነ ትዝ አላቸው። ሥራዬን የምወደው ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር።

የመጨረሻዋ አለቃዬ ሊያ ትባላለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ሲቪል ኢንጂነር ናት፣ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ጋሼ ትለኛለች፣ ወዲያው አስከትላ ትዕዛዝ ትሰጠኛለች። «ጋሼ፣ ፐርሚቱን ዛሬ ሰብሚት አድርግ፣ ኦኬ?» ስትለኝ መጀመሪያ መጀመሪያ ግራ ይገባኝ ነበር፤ ልመርቃት ይሁን ልታዘዛት። በኋላ ለመድኩት። ጥሩ አለቃ ነበረች። ያላወቀችውን አላወቅኩም ትላለች፤ በዚህ ሥራ ያን የሚል አለቃ ብዙ አላየሁም።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከእሷ ጋር ስንሠራ፣ ከዩለስ ወደ ቤድፎርድ በሚሄድ ሀይዌይ ዳር በተቆፈረ የጋራ ቦይ ላይ ነው። አራት ድርጅቶች ገቡ። ትልቁን የሚወክለው ራንዲ ነው፣ ቀበቶው ላይ ትልቅ ዘለበት ያለው፣ ከኪሱ የሚፈለፈል የሱፍ ፍሬ የማይጠፋ የዚሁ አገር ሰው። ሁለቱ መካከለኛ ናቸው። አራተኛው የተስፋዬ ድርጅት ነው።

ተስፋዬ እኩያዬ ነው፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሄደው። ድርጅቱ ማለት እሱ ራሱ፣ ሒሳብ የምትይዘው ሚስቱ ገነት እና ጥቂት ቴክኒሻኖች ናቸው። ቢሮው ቤድፎርድ ውስጥ ከአንድ የገበያ ሕንፃ ጓሮ ነው። ደንበኞቹ ፀጉር ቤቶች፣ የጥርስ ሐኪሞች፣ አሮጌ አፓርትመንቶች ናቸው፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ስልካቸውን ቶሎ የማያነሱላቸው ሰዎች። ተስፋዬ ያነሳላቸዋል። መስመሩን ግን ከትልልቆቹ እየተከራየ ነው የሚሠራው፣ ኪራዩም በየጊዜው ይጨምርበታል። የራሱ ቱቦ እዚያ ቦይ ውስጥ ከገባ ከኪራይ ይወጣል። ካልገባ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፤ እስከዚያ ደግሞ እሱ አይቆይም።

እንደምንተዋወቅ ለሊያ በመጀመሪያው ቀን ነገርኳት።

«ኦኬ ጋሼ፣ ስለነገርከኝ ቴንክ ዩ» አለችኝ። «ሶ የእሱን ፋይል እኔ ሪቪው አደርጋለሁ፣ አንተ አትንካው።»

«እንዲያውም ደስ ይለኛል» አልኳት። ከልቤ ነው። ከዘመድ ጋር ሥራ መሥራት ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ።

ቦዩ መጀመሪያ በሀይዌዩ ደቡብ በኩል ነበር የታሰበው። ተስፋዬ ደንበኞቼ በሰሜን በኩል ናቸው፣ ወደዚያ ይዙርልኝ ብሎ ጠየቀ። ሌሎቹ ካርታውን አዩና እነሱም በዚያ በኩል የሚያተርፉት ደንበኛ አገኙ። ተስማሙ፣ ፈረሙ፣ ማንም አላጉረመረመም።

ቁፋሮው ሲጀመር የጠበቅነው መረሬ አፈር ነበር። ለጥቂት ቀናት መረሬ ሆነልን። ከዚያ ኤክስካቫተሩ ድንጋይ ላይ አረፈ። ኦፕሬተሩ የባልዲውን ጥርስ ወርዶ አየና ባርኔጣውን አወለቀ፤ ተሸራርፏል። ድንጋዩ አለቀ ስንል ይቀጥላል። ኮንትራክተሩ ድንጋይ የሚቆርጥ ማሽን ልከራይ ነው አለ፤ ማሽኑም፣ ጊዜውም፣ የሚዘጋው የመኪና ሌንም ተጨማሪ ዋጋ አለው። እኛም አራቱን ድርጅቶች ለስብሰባ ጠራን።

ትሬይለሩ ውስጥ ኮንትራክተሩ የድንጋዩን ዋጋ ተናገረና ተቀመጠ።  ከዚያ ከመካከለኛዎቹ የአንደኛው ተወካይ፣ «ለመሆኑ ወደዚህ ጎን እንድንዞር የጠየቀው ማን ነበር?» አለ። ማንም ወደ ተስፋዬ አላየም። ሁሉም እስክሪብቶውን አየ። ይኼ ይብሳል።

የተስፋዬ ጆሮ ሲቀላ አየሁት። ቀጥ ብሎ ተቀመጠና በእንግሊዝኛ፣ «ችግር የለም። የድንጋዩን እኔ እችላለሁ» አለ።

እዚህ ላይ ለእናንተ ብዙ ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ምግብ ቤት ሒሳብ ሲመጣ የምንታገለውን ታውቃላችሁ። አንዱ እኔ እከፍላለሁ ይላል። ሌላው እጁን ይይዘዋል። በእናትህ፣ አይደረግም፣ እኔ ቁጭ ብዬ፣ ይባላል። አስተናጋጇ መሀል ቆማ የማንን ካርድ እንደምትቀበል ይጠፋታል። በመጨረሻ ወይ አንዱ ያሸንፋል ወይ ይካፈላሉ። እኔ እችላለሁ ማለት የትግሉ መጀመሪያ ነው። ተስፋዬ ያለው ያንን ነው። ወደዚህ ጎን ያመጣኋችሁ እኔ ነኝና ሐፍረቱ ይሰማኛል፣ አለ። የሚቀጥለው ሰው እጁን እንዲይዘው ጠበቀ።

ራንዲ ሱፉን ዋጥ አደረገና፣ «ትልቅ ልግስና ነው። አመሰግናለሁ ጌታዬ» አለ። ሌሎቹም አመሰገኑ። ሊያ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈችው። ከዚያ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሄድን፣ የትኛው ሌን መቼ ይዘጋ ወደሚለው።

 እኔ ተው ልለው አልቻልኩም። አስተባባሪ ወጪ ሲካፈል የማንም ወገን አይደለም፤ እኔ አፌን ብከፍት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬን ደገፍኩ ይባላል። ትክክልም ይሆናሉ።  የድንጋዩ ዋጋ ግን እሱ ለቦዩ ካዋጣው ድርሻ ሁሉ ይበልጣል።

በዚያው ሳምንት ገነት ደወለችልኝ።

«ጋሽ ግርማ፣ ይቅርታ በሥራ ሰዓት ኮል አደረግኩ። ይኼን ሰውዬ ምን ነካው? ባንክ አፕሊኬሽን ሞልቷል። ቤቱን ሪፋይናንስ ላደርግ ነው፣ አስይዤ ልበደርበት ነው ይላል። ማለቴ፣ ዋይሊ ከተማ ያለውን ቤታችንን! ልጆቹ ያሉበትን!»

«ምክንያቱን ነገረሽ?»

«ድንጋይ ነው ይላል። የምን ድንጋይ ነው? የማን ድንጋይ ነው?»

«የመንግሥት» አልኳት።

«የመንግሥት ድንጋይ በእኔ ቤት ምን አገባው?» አለችኝና አለቀሰች። ገነትን ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም፤ የምትታወቀው በሳቋ ነው። 

ከሥራ ስወጣ ቤድፎርድ ቢሮው ሄድኩ። ተስፋዬ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የተቆረጠ የኢንተርኔት ፋይበር ይቀጥላል፤ ከፀጉር የቀጠነ ነገር ነው።

«ተስፍሽ፣ ቸኩዬ ነው በላቸው» አልኩት። «ስለ ድንጋዩ የፈረምከው ነገር የለም። አንዲት ኢሜይል ትበቃለች።»

«አልልም።»

«ለምን?»

«ሁሉም በተቀመጡበት በአፌ ተናገርኩ። ነገ እነዚህ ሰዎች ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ? ያ ትንሹ ድርጅት፣ ያ ሐበሻ፣ ቃሉን አጠፈ ይበሉኝ?»

«እና ቤትህ ይሂድ?»

«ይሂድ።»

መነጽሩን አወለቀ። ድምፁ ዝቅ አለ።

«አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳን ተው አይለኝም? እንግዳ አድርገው አመሰገኑኝ እኮ ግርማ። ዝም ብለው አመሰገኑኝ።»

«እኔ ልል ነበር።»

«አንተማ አትችልም። አውቃለሁ። አንተ ብትል ኖሮ እኔ ራሴ እናደድብህ ነበር።»

ወደ ቤቴ ስነዳ በጣም ተናድጄ ነበር። በእሱ ግትርነት ተናደድኩ። በራንዲም ተናደድኩ፣ ምንም ሳያጠፋ። ሲበርድልኝ ግን ነገሩ ቀላል መሆኑ ታየኝ። ተስፋዬ ቃሉን አይመልስም። ሌላ ሰው ከእጁ ሊወስድለት ይገባል። እንደ ምግብ ቤቱ።

በማግስቱ ጠዋት ለሊያ ሁሉንም ነገርኳት፣ የገነትን ስልክ ጭምር።

«ግን ጋሼ፣ እሱ ራሱ አለ እኮ። ሪከርድ ላይ ነው» አለችኝ።

«አባትሽ ሬስቶራንት ሒሳብ ሲመጣ ምን ያደርጋል?»

አሰበችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ኦ ማይ ጋድ። ዳዲ አንዴ ከአጎቴ ጋር ፓርኪንግ ሎት ድረስ ተጣልተዋል! አጎቴ ገንዘቡን በመኪናው መስኮት ወረወረ! ግን ጋሼ፣ ያ ሬስቶራንት ነው። ይሄ ሚቲንግ ነው!»

«ለተስፋዬ ልዩነት የለውም።»

«ሶ ምን ላድርግ? ዲሊት ማድረግ አልችልም።»

«አታጥፊ። ቃለ ጉባኤው የሚጸድቀው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። እስከዚያ ማንኛቸውም እርማት ማቅረብ ይችላሉ። እኔ ራንዲን ላናግረው ነው። አንቺ ሳታውቂ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ወንበሯን ወደ ኋላ አለችና ኮርኒሱን አየች። «ኦኬ። ግን ስለ እሱ ቤት አታውራ። ስለ ፕሮጀክቱ አውራ። ፌር ካልሆነ እኔ ራሴ ስቶፕ አደርገዋለሁ።»

ትክክል ነበረች። የሰው ችግር ይዤ ብሄድ ልመና ይሆናል፤ ተስፋዬም ቢሰማ ይሞታል። በሥራ ቋንቋ መሄድ ነበረብኝ።

ራንዲን ያገኘሁት ቦዩ ዳር ነው፣ የፒክአፑን በር ከፍቶ ሱፍ እየፈለፈለ ማሽኑን ያያል። አጠገቡ ቆምኩና የጋራ ቦዩን ውል አስታወስኩት። አንዱ ድርጅት መሀል ላይ መክፈል ቢያቅተው ድርሻው ለቀሪዎቹ ይከፋፈላል፣ አዲስ ክፍፍል እስኪፈረም ድረስም ሥራው ይቆማል፤ ሥራ ከቆመ የሌን መዝጊያው ፈቃድ ያልፋል።

«የድንጋዩን ትንሹ ድርጅት ብቻውን የሚሸከመው ይመስልሃል?» አልኩት።

«እችላለሁ ብሏል።»

«በእኛ አገር ሰው እኔ እችላለሁ ሲል ሌላው አይሆንም እኔ ይላል። ያኔ ነው ሁሉም የሚካፈለው።»

«በእኛ ቤት» አለ ራንዲ፣ «ሰው እከፍላለሁ ሲል ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ አመሰግናለሁ ይባላል።»

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ቦዩን እያየ ነበር።

«ድንጋዩ ከእኔም ቱቦ ሥር ነው ያለው» አለ። «ወደዚህ ጎንም ወድጄ ነው የመጣሁት። አዲስ ደንበኛ አግኝቼበታለሁ። ያን ቀን እኮ ደስ አላለኝም ግርማ። ግን እምቢ ማለት ሰውዬውን መናቅ መሰለኝ።»

እዚህ ላይ ነው ራንዲን የወደድኩት። እኔ ንፉግ ነው ብዬ የተናደድኩበት ሰው፣ በእሱ ወግ ጨዋ መሆኑ ነበር።

«ታዲያ የየድርሻችን ይሁን ልበል?» አለኝ።

«አንዴ ብትል አይበቃም። አይሆንም ይልሃል።»

«ከዚያስ?»

«ትደግመዋለህ።»

«ከዚያስ?»

«አሁንም አይሆንም ይልሃል።»

«ይሄ ሰውዬ ገንዘቡ እንዲተርፍለት ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም?»

«በጣም ይፈልጋል» አልኩት።

ራንዲ የፍሬውን ገለባ ተፋና ራሱን ነቀነቀ። «አለቆቼን ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለኝ። ሌላ ቃል አልሰጠኝም፣ እኔም አልጎተጎትኩትም። እስከ ስብሰባው ዋዜማ ድረስ አልደወለም። ተስፋዬ ደግሞ ከባንክ ጋር ቀጠሮ ይዟል፤ ስብሰባው ባለፈ ማግሥት ሊፈርም ነው።

የስብሰባው ቀን ተስፋዬ ሱፍ ልብስ ለብሶ መጣ። በዚያ ሙቀት፣ ትሬይለር ውስጥ፣ ሱፍ ልብስ። ሊያ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አነበበችና የድንጋዩ መስመር ላይ ስትደርስ ሳትቸኩል አነበበችው። ከዚያ፣ «እርማት ያለው?» ብላ ጠየቀች።

ራንዲ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ አለኝ። የድንጋዩን አልተቀበልኩትም። ብዙ ቱቦ ያለኝ እኔ ነኝ፣ ብዙውን እኔ ልክፈል።»

ተስፋዬ ቀና አለ። «አይ፣ አይ። ተነጋግረን ጨርሰናል። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ራንዲ ወደ እኔ አየ። በአሜሪካ ነገሩ እዚህ ያልቃል፤ አይሆንም ያለ ሰው አይሆንም ብሏል። እኔ የማየው ነገር ጠፍቶኝ ኤርኮንዲሽነሩን አየሁ። ሆዴ ውስጥ ግን፣ ድገም፣ በእናትህ ድገም እላለሁ።

«ጌታዬ፣ እለምንሃለሁ» አለ ራንዲ።

«በፍጹም» አለ ተስፋዬ። ድምፁ ግን ተለውጧል። የሐፍረት ድምፅ አልነበረም፤ የምግብ ቤት ድምፅ ነው። «ወደዚህ ጎን ያዞርኳችሁ እኔ ነኝ። እንዴት ይሆናል?»

ራንዲ ተነሣ። ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ያንን ትልቅ እጁን የተስፋዬ ትከሻ ላይ አሳረፈ። «ስማ» አለው፣ «እኔ እዚህ ተቀምጬ አንተ ብቻህን አትከፍላትም።»

ይህችን እኔ አልነገርኩትም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አልነገርኩትም። ከየት እንዳመጣት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ተስፋዬ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ መሬት መሬት አየ። ሊያ እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ አልጻፈችም።

«እንግዲያው አንተም ብቻህን አትከፍልም» አለ ተስፋዬ በመጨረሻ። «የየድርሻችንን። እንደ ቱቧችን።»

«እንደ ቱቧችን» አለ ራንዲ።

ከመካከለኛዎቹ የሁለተኛው ድርጅት ተወካይ ግራ ገብቷት ሁላችንንም አየችና፣ «እኔም መጀመሪያ እምቢ ማለት አለብኝ?» ብላ ጠየቀች። ትሬይለሩ በሳቅ ተናወጠ። ወደዚህ ጎን ማን አመጣን ያለው ሰውዬ እንኳ ሳቀ፣ ድርሻውንም ተቀበለ። ሊያ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቀች፣ ሁሉም እስማማለሁ አሉ፣ ያኔ ጻፈች። የድንጋዩ ወጪ እንደ ቦዩ፣ በቱቦ ብዛት።

ስንወጣ ተስፋዬ ፓርኪንጉ ላይ ጠበቀኝ። ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ይዞታል፣ ሸሚዙ በላብ ርሷል። እጄን ያዘና አልለቀቀውም። ስለ ራንዲ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

«ገነትን ኮል ላድርግላት» አለኝ። «የባንኩን ቀጠሮ እንድትሰርዝ።»

ደወለ። ስልኩን ስፒከር ላይ አላደረገውም፤ ጩኸቷ ግን ለእኔም ተሰማኝ። ተስፋዬ ስልኩን ከጆሮው አራቀና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ደስ አለኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ኪሎሜትር ቦይ አስቆፍሬአለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማሽኑ ድንጋዩን ቆርጦ ጨረሰ። የአራቱም ቱቦ ገባ፣ አሸዋው ተደለደለ፣ የማስጠንቀቂያው ፕላስቲክ ተነጠፈ፣ አፈሩ ተመለሰ። የተስፋዬ ፀጉር ቤቶችና የጥርስ ሐኪሞች ዛሬ በራሱ መስመር ይሠራሉ። ራንዲ ሲያገኘኝ አሁንም ያ ሰውዬ ደህና ነው ወይ ይለኛል።

አስተባባሪ ለምትሆኑት የምለው ይኼ ነው። ወጪ ሲከፋፈል አንድ ሰው ሁሉንም እኔ እችላለሁ ካለ ወዲያው አትጻፉ። መጀመሪያ ሌሎቹን ጠይቁ። ከዚያ እሱን መልሳችሁ ጠይቁት፤ አሁንም እችላለሁ ካለ አንዴ ድገሙለት። ያኔ የሚሰጣችሁን መልስ ጻፉ።